የሃያ ሴኮንድ ትምህርት

በ1974–75 የውድድር ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፖሊ ፓቪሊዮን የስፖርት አዳራሽ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡ ነበር። የሚያዩት የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ልምምድ ሲሠራ ነው። ዓይናቸው ግን ኳሷን አይከተልም፤ ሜዳው ዳር ወዲያ ወዲህ የሚለውን አሰልጣኝ፣ ጆን ዉደንን ነው የሚከተለው። ሁለቱ ሰዎች ሃዋይ ውስጥ ንባብ አልሆን ያላቸውን ሕፃናት የሚያስተምር ፕሮጀክት ውስጥ ይሠራሉ። በሙያው አንቱ የተባለ አስተማሪ ሥራው ላይ ሳለ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚያደርግ ደቂቃ በደቂቃ ማየት ፈለጉ። ያገኙት አስተማሪ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሆነ።

ዉደን ያኔ 64 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ ከ1964 ወዲህ የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ ወስዷል፤ ሰባቱን በተከታታይ፣ ከ1967 እስከ 1973። በዚያው ዘመን መጨረሻ፣ በማርች 1975፣ አሥረኛውን ጨምሮ ጡረታ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው እያሠለጠነ ነው የተባለ ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ይታወቃል፤ ደም የሚያሞቅ ንግግር፣ ጩኸት፣ ጀርባ መታ መታ፣ «ትችላላችሁ!»። ከዚህ ውስጥ አንዱም አልነበረም ማለት ይቻላል። ንግግር የሚባል ነገር የለም። ሰውየው አፉን ሲከፍት ከ20 ሴኮንድ በላይ የሚቆየው እምብዛም ነው።

ተመራማሪዎቹ ሲመጡ መቁጠሪያ ሰንጠረዥ ይዘው ነበር። በጊዜው የክፍል ምልከታ ሰንጠረዦች ከሁሉ በላይ የሚቆጥሩት ሙገሳንና ተግሣጽን ነው፤ አስተማሪው ስንት ጊዜ አመሰገነ፣ ስንት ጊዜ ተቆጣ። ጥቂት ልምምድ እንዳዩ ሰንጠረዡ አልበቃ አላቸው። ሰውየው ከሚያደርገው አብዛኛው የሚገባበት ሳጥን የለም። ስለዚህ አዳዲስ ሳጥን ጨመሩ፤ ለአንዱማ ስም ሲያጡለት «ዉደን» ብለው በራሱ በሰውየው ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ 15 ልምምዶችን ተከታትለው 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን መዘገቡ። ውጤቱን በ1976 ለሰፊው አንባቢ በሚታተም የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ አወጡት።

ቁጥሮቹ አሁንም ያስደንቃሉ። ከድርጊቶቹ 50.3 በመቶው ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ደረቅ መረጃ ነው። 12.7 በመቶው ማጣደፊያ ነው፤ የተማሩትን ቶሎ እንዲያደርጉት የሚገፋ አጭር ቃል። ሙገሳ 6.9 በመቶ፣ ባዶ ቁጣ 6.6 በመቶ። መረጃ ያዘለውን ሁሉ፣ ማሳየቱንም ማጣደፉንም ሲደምሩት ሦስት አራተኛ ይሞላል። ከቡድኖች ሁሉ ብዙ ያሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ «ጎበዝ» የሚለው ከአሥራ አራት ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው።

የእኛን ክፍል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ቆም ያደርጋል። እጁን ያወጣ ልጅ ይነሳል፣ ይመልሳል፣ መምህሩ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ይላል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ልጁ ይቀመጣል። በምኑ እንደጎበዘ እሱም አያውቅ፣ ያጨበጨበለትም አያውቅ። ሲሳሳት ደግሞ «ቁጭ በል፤ ሌላ!»። ደብተር ላይም ያው ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ወይ ኤክስ። ሁለቱም ፍርድ ናቸው፤ ትምህርት ግን የለባቸውም። ጭብጨባን የምጠላ አይምሰላችሁ። ልጅ ሲጨበጨብለት ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ፊቱ በርቶ ወደ ቦታው የተመለሰው ልጅ ለሚቀጥለው ጥያቄ ከበፊቱ የተሻለ ምን ይዞ ሄደ? የዉደን አሠራር ውበቱ የሚታየው ይህችን ጥያቄ ይዞ ጠጋ ብሎ ላየው ነው።

እስኪ ጠጋ እንበል። አንድ ተጫዋች ቅብብል እየተቀበለ ነው። ኳሷ ስትመጣለት እጁን አደድሮ፣ የሌላ ሰው ንብረት እንደሚነጥቅ ይጎትታታል። ዉደን ፊሽካውን ይነፋል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ኳሷን ይቀበልና በለዘበ እጅ፣ ከመጣችበት ፍጥነት ጋር አብሮ ወደ ደረቱ እየሳበ እንዴት እንደምትያዝ ያሳያል። ወዲያው ደግሞ ልጁ አሁን ያደረገውን ያደርጋል፤ ድርቅ ያለውን ክንድ፣ ንጥቂያውን፣ ምንም ሳያስቀር ይኮርጀዋል። ከዚያ እንደገና ትክክለኛውን። ተመራማሪዎቹ እንደመዘገቡት እንዲህ ያለው ማሳየት ከሦስት ሴኮንድ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ፊሽካ። ጨዋታው ይቀጥላል።

ትክክል፣ ስህተት፣ ትክክል። ይህች ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣች አይደለችም። ትክክለኛው ቀድሞ ካልታየ ተመልካቹ በስህተቱ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ስህተቱ ካልታየ ደግሞ ልጁ «እኔስ ያደረግሁት ይህንኑ አይደል?» ብሎ ይቀራል፤ ማንኛውም አስተማሪ ይህን ፊት ያውቀዋል፣ አንገቱን እየነቀነቀ ያልገባው ተማሪ ፊት ነው። መጨረሻ ላይ ትክክለኛው ባይመለስ ኖሮ ልጁ ይዞት የሚሄደው የመጨረሻው ሥዕል ስህተቱ በሆነ ነበር። መሐል ላይ የገባው ስህተትም ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም፤ ይህ ልጅ፣ አሁን፣ እዚህ የሠራው ነው። ብዙዎቻችን ስናስተምር የምናሳየው ትክክለኛውን ብቻ ነው፤ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ያንኑ ትክክለኛ ነገር ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደግመዋለን።

አጭርነቱም ሥራ አለው። ሰውነቱ የሠራውን ገና ሳይረሳ ነው እርማቱ የሚደርሰው፤ ሌሎቹም ላባቸው ሳይደርቅ ይቀጥላሉ። አሥራ ሁለት ወጣት አቁሞ አምስት ደቂቃ የሚያወራ አሰልጣኝ አንዱን አስተማርሁ ሲል አሥራ አንዱን አቀዝቅዟል።

በስሙ የተጠራው ሳጥን ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። ከድርጊቶቹ 8 በመቶው እዚያ ይገባል። ተግሣጽ ነው፤ ግን ሳይበርድ መረጃው ይከተለዋል። ስንት ጊዜ ነገርኩህ ይላል፣ በዚያው ትንፋሽ እግርህን እንዲህ፣ ክርንህን እንዲህ ይላል። ቁጣው ልጁን ያነቃዋል፤ የነቃው ጆሮ ላይ ትምህርቱ ያርፋል። ቁጣውን ብቻ ትቶ የሚሄድ አስተማሪ የነቃውን ጆሮ ባዶ ይተወዋል። ዉደን አይሳደብም ነበር፤ በዚያ ሙያ ይህ ራሱ ብርቅ ነው። ሲቆጣ ግን አንደበቱ እንደሚዋጋ ተጫዋቾቹ ሁሉ የሚሉት ነው። ደግ ሽማግሌ ብቻ አድርገው የሚስሉት ልምምዱን ያላዩ ናቸው።

አሁን ወደ ካልሲው ልምጣ፤ የዉደንን ስም ለሚያውቅ አሜሪካዊ ሁሉ መጀመሪያ ትዝ የሚለው እሱ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው የልምምድ ቀን ላይ፣ ከአገሩ ሁሉ ተመርጠው የመጡ ዝነኛ ወጣቶችን ሰብስቦ ካልሲ አጠላለቅ ያስተምራል። ካልሲውን ጎትት፤ ተረከዝህ ላይና ትንሿ ጣትህ ጋ ያለውን ሽብሽብ በእጅህ ዳስሰህ አስተካክል፤ ከዚያ ጫማህን በየቀዳዳው እያጠበቅህ እሰር። አንዳንዱ ተጫዋች መጀመሪያ ሲሰማ ሳቁን ነበር የሚያፍነው። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ የተሸበሸበ ካልሲ እግር ያቆስላል፣ ውኃ የቋጠረ እግር ልምምድ ያስቀራል፣ ልምምድ የቀረ ተጫዋች አይሰለፍም። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ትሕትና ሊሰብኩበት ይፈልጋሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰውየው «ተጠንቀቁ» አላለም። ጥንቃቄ የሚባለውን ነገር ወስዶ በጣት የሚዳሰስ፣ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያልቅ ሥራ አደረገው። «በደንብ አጥኑ» ብለን ልጆችን ወደ ቤት የምንልክ ሰዎች ከዚህ የምንሰርቀው አለ።

የማስተማር ሕጉንም በአራት ነገር ይጠቀልለው ነበር፤ ማስረዳት፣ ማሳየት፣ ማስመሰል፣ መደጋገም። ድርጊቱን በሙሉ አንዴ ያሳይና ይበታትነዋል፤ እግር ለብቻ፣ እጅ ለብቻ፣ አወራወር ለብቻ፤ እያንዳንዷ ራሷን ስትችል መልሶ ይገጥማታል። ለእኛ አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ንባብን በቁጥር ፊደል በፊደል ጀምሮ፣ በግዕዝ አልፎ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ የሚገጥመው እንዲሁ ነው፤ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ሳለ አንዲት ፊደል ከጠበቀች ወይ ከላላች እዚያው ላይ ይይዙታል። የሚለየው አለንጋው ነው።

ተመራማሪዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ሁሉን የቆጠሩ መስሏቸው ነበር። ብዙ ዓመት ቆይተው፣ በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፣ የቆጠሩት ከግድግዳው ወዲህ ያለውን ብቻ እንደነበር ጻፉ። ያላዩት ጠዋቱን ነው። ዉደን በየቀኑ ከረዳቶቹ ጋር ተቀምጦ የዕለቱን ልምምድ ያቅዳል። ለሁለት ሰዓት ልምምድ ሁለት ሰዓት ያህል ዕቅድ የሚወስድበት ጊዜ አለ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ምን እንደሚሠራ፣ ኳሶቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ትንንሽ ካርዶች ላይ ይጻፋል፤ ካርዷ በኪስ ትገባለች። ልምምዱ ሲያልቅ የሠራውንና ያልሠራውን በማስታወሻ ይይዛል፤ ማስታወሻው አይጣልም። ዛሬ ለሚያስተምረው ነገር ካለፈው ዓመት፣ ካቻምና፣ ከዚያም በፊት የተጻፈውን መለስ ብሎ ያያል።

የሦስት ሴኮንዷ እርማት እንዴት እንደምትፈጥን የሚገባው ይህን ሲያውቁ ነው። ሰውየው ሜዳ ላይ ቆሞ አያስብም፤ አስቦ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ልጁ የት ጋ እንደሚሰናከል ጠዋት ገምቶታል፣ ሲሰናከል የሚለውንም አዘጋጅቷል። እኛም አገር እያንዳንዱ መምህር ሌሰን ፕላን ይጽፋል፣ ርእሰ መምህሩም ይፈርምበታል። ዓላማው፣ ገጹ፣ የትምህርት መርጃው፣ የደቂቃው ድልድል ሁሉ አለ። ተማሪዎቹ ዛሬ የት ላይ ይሳሳታሉ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ዉደን ጠዋት የሚሠራው በዋናነት እሱን ነበር ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

ሙገሳው ጥቂት ቢሆንም ለሁሉም እኩል አይታደልም ነበር። ዉደን ተጫዋቾቹን አንድ ዓይነት አልይዛቸውም፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን እሰጠዋለሁ ይል ነበር። ለዚህ የተሻለው ምስክር ስዌን ኔተር ነው። ከኔዘርላንድስ የመጣ ረጅም ወጣት ነበር፤ በዩሲኤልኤ ቆይታው የቢል ዋልተን ተጠባባቂ ሆኖ አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰልፎ አልጀመረም። በ1973 ግን ፕሮፌሽናል ቡድኖች ሲመርጡ በመጀመሪያው ዙር ተጠራ፤ በኮሌጅ አንድም ጨዋታ ቋሚ ሆኖ ሳይጀምር እዚያ ዙር የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ልምምድ ላይ ነው የተሠራው ማለት ነው። ኔተር በኋላ ከጋሊሞር ጋር ሆኖ ስለ ዉደን መጽሐፍ ጻፈ። ይበልጥ የጠቀመው እርማቱ እንደነበር ይናገራል፤ ሙገሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምኑን እንደሚቀይር ባላወቀ ነበር።

«እንደ ዋልተን፣ እንደ ካሪም አብዱል-ጃባር ያለ ልጅ ይዞ ማን አያሸንፍም?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግዙፋን ነበሩት። ሆኖም በ1964 የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ቡድን ቋሚዎች ውስጥ ሁለት ሜትር የሚሞላ ልጅ አልነበረም። ዋንጫው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ዩኒቨርሲቲ 15 ዓመት ያለ ዋንጫ ሠርቷል፤ ጠዋት ጠዋት ካርዱን እየጻፈ።

ከዚያም በፊት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1932 ተመርቆ ኬንታኪ ዴይተን ውስጥ፣ ቀጥሎም ኢንዲያና ሳውዝ ቤንድ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰዋስውና ግጥም ሲያስተምር ማታ ማታ ኳስ ያሠለጥናል። ልጃቸው ለምን ኤ አላመጣም ብለው የሚቆጡ ወላጆች አስቸግረውት በ1934 ስለ ስኬት የራሱን ፍቺ ጻፈ፤ አቅምህ የፈቀደውን ሁሉ ማድረግህን አውቀህ የምታገኘው የልብ ሰላም ነው የሚል ነው። ስለዚህ «የአሰልጣኝነትን ዘዴ ወደ ክፍል እናምጣ» ሲባል ከዉደን አንጻር ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ዘዴው ከጥቁር ሰሌዳ ተነስቶ ነው ሜዳ የወረደው። የእኛዋ በቆጂም ይህን መንገድ ታውቀዋለች። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ «ኮቺንግ» ተብሎ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር ከዉደን ይልቅ የሚዘመደው ከቴኒስ አስተማሪው ከቲሞቲ ጋልዌ ጋር ነው። ጋልዌ የታወቀበትን መጽሐፍ ያወጣው በዚያው በ1974 ነው። የእሱ መንገድ መጠየቅና ማስተዋል ነው፤ ተማሪው ኳሷ ስትነጥር «ነጠረች»፣ ራኬቱን ስትነካ «መታሁ» እያለ ድምፁን እያሰማ እንዲጫወት ያደርጋል። አእምሮው በዚህ ሲያዝ ራሱን መውቀሱን ይተዋል፣ ክንዱም ይፈታል። ድንቅ ነገር ነው። ግን ክንዱ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር መኖር አለበት። ክፍልፋይ መደመር ያልቻለ ልጅ «አንተ ምን ይመስልሃል? ግብህስ ምንድን ነው?» ሲባል ቢውል ከውስጡ የሚወጣ የጋራ ታህት የለም። መጀመሪያ መረጃው ይምጣ፤ ጥያቄው ሲደርስ ይደርሳል።

ክፍልፋይን ካነሳሁ አይቀር ከሜዳው ወደ ሰሌዳው እንሂድ። አምስተኛ ክፍል፣ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ። በዓለም ላይ ይህን ስህተት ያላየ የሒሳብ መምህር የለም። «ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ» ማለት ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። እንደ ዉደን የሚያደርግ መምህር ግን ከእሷ ጎን ይጽፋል፤ ሦስት ስድስተኛ ሲደመር ሁለት ስድስተኛ፣ አምስት ስድስተኛ። ከዚያ ጣቱን የእሷ ሥራ ላይ ያደርጋል፤ «እዚህ ጋ ሁለትንና ሦስትን ደመርሽ፤ እይ፣ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል፤ በግማሽ ላይ ጨምረሽ እንዴት አነሰ?» ከዚያ ተመልሶ ስድስተኛዎቹ ላይ፤ «ታህቱን አስተካክዪ፣ ላዕሉን ብቻ ደምሪ።» ቾኩን ይሰጣትና ሌላ ያስሠራታል፤ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ አምስተኛ። ይህ ሁሉ ከ20 ሴኮንድ ብዙ አያልፍም። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ የእሷን ስህተት የሚጋሩት ሌሎች ሃያ ልጆች በዓይናቸው አብረው ታርመዋልና። ስሟን ሳይነካ ሥራዋን መንካት የሚባለው እንዲህ ነው። መምህሩ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁለት አምስተኛ እንደምትመጣ ጠዋት ማወቁ ብቻ ነው።

ጋሊሞርና ታርፕ ወደ ንባብ ልጆቻቸው ሲመለሱ ምን ሆነ? ካሜሃሜሃ ትምህርት ቤቶች ሆኖሉሉ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ፕሮጀክት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግሩን በልጆቹ ፍላጎት ማነስ ላይ ጥሎ ነበር። መምህራኑ ሙገሳ እንዲያበዙ ሠለጠኑ። ልጆቹ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ፣ ክፍሉ ረጋ፤ የንባብ ውጤታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ትምህርቱ ራሱ ተለወጠ። መምህሯ አምስት ያህል ልጆች ይዛ በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል ትቀመጣለች። ታሪኩ ስለ እንቁራሪት ከሆነ መጀመሪያ ስለ እንቁራሪት የሚያውቁትን ታወጣባቸዋለች፤ ጥቂት መስመር ያነባሉ፤ ከዚያ ያነበቡትን ከሚያውቁት ጋር እንዲያያይዙት ትጠይቃለች። የሃዋይ ልጆች ሰፈራቸው ውስጥ ወግ ሲጨዋወቱ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ፣ እየተቀባበሉ ነው። መምህሯ «እጅ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ» ማለቱን ትታ ወጉ እንዳለ እንዲፈስ ፈቀደች፤ የሐሳቡን መስመር ግን አልለቀቀችም። አንዱ ልጅ የተናገረውን ግማሽ ሐሳብ ይዛ ወደ ጽሑፉ ትመልሰዋለች፤ ከዚያም ከፍ ያለ ጥያቄ ትሰጣለች። ሜዳው ላይ የተቆጠረው ነገር እዚህ መልኩን ለውጦ ይገኛል፤ አጭር ቃል፣ በሥራ መሐል፣ ይህ ልጅ አሁን ካለው ነገር ላይ የተነሳ። የልጆቹ የንባብ ውጤትም ወደ አገር አቀፉ አማካይ ተጠጋ።

እንዲህ የሚያስተምር ሰው ጥቂት የሆነበትን ምክንያት ሁለቱ ሰዎች በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። ልጁን እየረዳ ከማሳደግ ይልቅ ፈተና ሰጥቶ ማርክ የሚይዝ ትምህርት ቤት መምህሩንም የሚይዘው እንደዚያው ነው። እነሱ ዘንድ አማካሪው ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብሎ የተቀረጸ ትምህርቷን አብሯት ያያል፤ እዚህ ጋ ጠየቅሽ፣ ልጁ ሳይመልስ ራስሽ መለስሽለት፣ ነገ ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ የሚል ዓይነት ንግግር ይከተላል። እኛ ጋ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቅጹን ያወጣል፤ መርጃ ተጠቅማለች፣ ምልክት፤ አሳታፊ ነው፣ ምልክት፤ ሰዓት አክብራለች፣ ምልክት። ሲወጣ «በርቺ» ይላታል፣ ወይም «የተማሪ ተሳትፎ ቢሻሻል»። በርቺ የተባለችው መምህርት በምን እንደምትበረታ አልተነገራትም፤ እሷም በተራዋ ልጁን አስጨብጭባ ታስቀምጠዋለች። እኔ ያየኋቸው ቅጾች ላይ መምህሯ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከጠየቀቻቸው ጥያቄዎች አንዷ እንኳ ቃል በቃል የምትጻፍበት፣ ልጁ የመለሰውም ከሥሯ የሚሰፍርበት መስመር የለም። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ሱፐርቫይዘሩም ሻይ ቤት ሳይደርስ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ሊያሳያት ይችል ነበር።